ርኅራኄ ለፍጥረት ሁሉ፤ የቡድሃ ትምህርት፣ የወለጋ «ሰፉ» እና ጥርኝ

የቡድሃ ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ አልደረሰም ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። ትምህርቱ ባይደርስም ታሪኩ ደርሷል፤ ይኸውም ከየመን መጥተው በአገራችን ክርስትናን የተቀበሉት የደብረ ሊባኖሱ አባ ዕንባቆም በ1553 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» በተባለው መጽሐፍ ነው። ይዋስፍ የሚለው ስም «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የሕንድ ቃል እየተለወጠ የመጣ መሆኑን ሊቃውንት አረጋግጠዋል። አባቱ ሐዘን እንዳያይ በቤተ መንግሥት የዘጋበት፣ በኋላም በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ ዙፋኑን የተወው የሕንድ ልዑል ከቡድሃ በቀር ሌላ አይደለም።

ነገር ግን ታሪኩ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር አንድ ነገር ጥሎ መጥቷል። በቡድሃ ሥርዓት ርኅራኄ ለሰው ብቻ የተወሰነ አይደለም። መነኮሳቱ በክረምት ሦስት ወር ከአንድ ቦታ አይንቀሳቀሱም፤ በጉዞአቸው ቡቃያውንና ትንንሹን ነፍሳት እንዳይረግጡ ነው። ውኃ ሲጠጡም በውስጡ ያለውን ሕይወት እንዳያጠፉ በማጥለያ ያጠሉታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ አሾካ በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ዐዋጅ፣ ቀድሞ ለወጥ ቤቱ ብዙ ሺህ እንስሳት ይታረዱ እንደ ነበርና ወደ ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን ዝቅ እንዳደረገው ይናገራል። ወደ ግዕዝ በተመለሰው መጽሐፍ ግን ዋናው ነገር የዓለም ከንቱነትና ክርስቲያናዊ ምናኔ ስለ ሆነ፣ ለእንስሳት የሚደረገው ምሕረት ቦታውን አጥቷል።

እንግዲህ የዚህን ትምህርት አቻ በአገራችን ለመፈለግ ከመጽሐፍ ይልቅ ወደ ወለጋ መሄድ ይሻላል ብለን እናምናለን። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ «ሰፉ» የሚባል ነገር አለ። በወለጋ ብዙ ዘመን የኖሩት የካቶሊክ ቄስ ላምበርት ባርቴልስ በ1983 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚሁ በሰፊው ጽፈዋል። ዋቃ የፈጠረው ሁሉ፣ ሰውም ከብትም ዛፍም፣ የራሱ «አያና» እና የራሱ ቦታ አለው፤ ያንን ቦታ አክብሮ መኖር ሰፉ ነው። ይህን ከሕንዱ ትምህርት ጋር አንድ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በወለጋ በሬ ተመርቆ ይታረዳል፤ ጥንት ትልልቅ አውሬ የገደለ አዳኝም ይከበር ነበር። ሕንዳዊው መነኩሴ የሚጠይቀው «ፍጥረቱ ይሠቃያልን?» ብሎ ሲሆን፣ የሜጫው ሽማግሌ «በቦታው ነውን?» ብሎ ይጠይቃል።

የሁለቱን ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየን ጥርኝ ነው። ነቀምት በሞረዳ በከሬና በልጃቸው በኩምሳ ሞረዳ ዘመን የወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና የዝባድ ንግድ የሚካሄድባት ከተማ ነበረች። ዝባድ የሚገኘው ከጥርኝ ነው። ወንዱ በወጥመድ ከጫካ ይያዝና እንደ ልብ መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ፣ ጢስ ባለበት ጎጆ ይቀመጣል። በየጥቂት ቀኑ ጅራቱና እግሮቹ ተይዘው ዝባዱ ከዕጢው ይፋቃል፤ በቀንድም ተሞልቶ ለሽቶ ሠሪዎች ወደ ውጭ ይላካል። በሌላ በኩል ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ስለሚሰጠው ባለቤቱ ከሚበላው የተሻለ የሚበላበት ጊዜ አለ። ጠባቂውን ጨካኝ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የቤቱን ችግር ያላየ ብቻ ይለዋል።

በቡድሃ ሚዛን ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ሥቃይ አለና ክልክል ነው። በሰፉ ሚዛን ግን ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ሥጋ መብላት ሰፉን እንደማያፈርስ እያወቅን፣ ሌሊት ብቻውን በጫካ የሚዘዋወረውን አውሬ ዕድሜ ልኩን በቀፎ መዝጋት ከቦታው ማውጣት አይደለምን? በእኛ አስተያየት ነው። ይህም ክርክር ከሩቅ አገር የመጣ ሳይሆን ከጠባቂው ከራሱ ቋንቋ የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ከውጭ አገር የእንስሳት ተከራካሪዎች ወቀሳ ይልቅ እርሱ ዘንድ የሚሰማ ይመስለናል።

የዝባድን መዓዛ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አሠራር ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት በ1926 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከገለጠ ወዲህ በሰው እጅ የተሠራው ተተኪ እየበዛ ሄዶ አብዛኛው ሽቶ ሠሪ ወደዚያ ዞሯል። የወለጋው ጠባቂ ግን ቀንዱ የሚያመጣለትን ገንዘብ የሚተካ ሌላ ነገር በዚያው ልክ አላገኘም።