የኳንተም መስክ ትምህርትና የመጽሐፍ ምርጫ ታሪክ

ጁባ ውስጥ ኮሎሎ በሚባለው ሰፈር ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የአንደኛው ልጅ፣ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት፣ አንድ ምሽት ወደ እኛ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የኳንተም መስክ ቲዎሪን ለብቻዬ ልማር ብል የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ?» ሲል ጠየቀን። በስልኩ ውስጥ አሥራ አንድ መጻሕፍት ነበሩት። ከእነዚህ አንዱን ዓመት ሙሉ ሲያነብ ቆይቶ ከሦስተኛው ምዕራፍ አላለፈም። ይህንንም የነገረን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው፤ ጥፋቱ የራሱ ጭንቅላት መስሎታልና። በመጪው ዓመት ካልተሳካለት ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ከአባቱ ጋር ሱቅ ሊገባ ቈርጦ ነበር።

እኛም የመጽሐፍ ስም ብቻ ጠርተን ልናሰናብተው አልወደድንም። የመጻሕፍቱን ታሪክ አጫወትነው። ያንኑ ጨዋታ ለመምህራንና ለተማሪዎች ይጠቅማል ብለን እዚህ እናቀርበዋለን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ትምህርቱ ለተማሪዎቻችን ጥቂት እንበል። ተራው ኳንተም መካኒክስ የቅንጣቶችን ቍጥር አይለውጥም፤ አንድ ኤሌክትሮን ካለ አንድ እንደሆነ ይቀራል። ነገር ግን አምፖል ስናበራ ፎቶኖቹ ከየት ይመጣሉ? በክሩ ውስጥ ተከማችተው አልቈዩም፤ ያን ጊዜውኑ ይፈጠራሉ፤ ግድግዳው ላይ ሲያርፉም ብዙዎቹ ይጠፋሉ። ይህን መፈጠርና መጥፋት በሒሳብ ለመግለጽ ቅንጣቱን ትቶ መስኩን መሠረት ማድረግ ግድ ይሆናል። ፖል ዲራክ በ1927 ይህንኑ ለብርሃን አደረገ። ሃይዘንበርግና ፓውሊ በ1929 ሐሳቡን አስፋፉት። ወዲያው ግን ችግር ተነሣ፤ ስሌቱን ትንሽ አጥብቀው ሲገፉት መልሱ ወሰን የሌለው ቍጥር እየሆነ አስቸገረ። በዚህ ምክንያት በ1930ዎቹ ብዙ የፊዚክስ ሊቃውንት ትምህርቱን በጥርጣሬ ዓይን ያዩት ነበር።

መጽሐፍ ግን አልጠፋም። ቫልተር ሃይትለር በ1936 ስለ ጨረራ የኳንተም ቲዎሪ የጻፈው መጽሐፍ ለረጅም ጊዜ የተማሪዎች መመሪያ ሆኖ ቆየ። በ1943 ደግሞ፣ አውሮፓ በጦርነት ስትቃጠል፣ የዙሪኩ መምህር ግሬጎር ቬንትሰል ስለ መስኮች የኳንተም ቲዎሪ በጀርመንኛ የጻፈው መጽሐፍ በቪየና ታተመ። የጠላት አገር መጽሐፍ ወደ እንግሊዝ እንዴት ይገባል? ጥቂት ቅጂ ገባ። ከቬንትሰል ዘንድ በዙሪክ የተማረው ኒኮላስ ኬመር ከጦርነቱ በኋላ በካምብሪጅ ሲያስተምር ቅጂውን ለአንድ ወጣት የሒሳብ ሰው ሰጠው። ወጣቱ ፍሪማን ዳይሰን ነበረ። ዳይሰን ራሱ በኋላ ሲያወሳ፣ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከሁለት ቅጂ በላይ እንዳልነበረ ገምቷል።

ዳይሰን በ1947 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ኮርኔል ገባ። በዚያ ሐንስ ቤተና ሪቻርድ ፋይንማን ነበሩ፤ በችሎታ ማን ይደርስባቸዋል! ነገር ግን የመስክ ቲዎሪን ከነሥርዓቱ ከመጽሐፍ የተማረ ሰው በዚያ ብርቅ ነበረ። ፋይንማን በሥዕል ያሰላ ነበር፤ ሌሎች ሥዕሉ ከየት እንደመጣ አይገባቸውም። ጁሊያን ሽዊንገር በሃርቫርድ፣ ቶሞናጋም በጃፓን በረዣዥም ቀመር ያሰላሉ። በ1948 ክረምት ዳይሰን በአውቶቡስ አሜሪካን ሲያቋርጥ ሦስቱ መንገዶች አንድ መሆናቸው ታየው፤ ጽሑፉም በ1949 ወጣ። ከቬንትሰል የተማረው ባይኖር ኖሮ ድልድዩን የሚሠራበት እንጨት አይኖረውም ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም። እዚህ ላይ የቶሞናጋን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። መሠረታዊ ጽሑፉን በጃፓንኛ ያወጣው በ1943፣ አገሩ ከዓለም በተቈረጠችበት ጊዜ ነው። መራቅ ብቻውን አእምሮን አይገድልም።

ሆኖም ያጐሳቍላል። ከዚያው ከኬመር ደጅ የቆመው ሌላው ወጣት ይህን ከማንም ይልቅ አውቆታል። አብዱስ ሳላም የዛሬዋ ፓኪስታን ልጅ ነው። ለምርምር ሲጠይቀው ኬመር፣ ተማሪዎች እንደበዙበትና ዋናዎቹ ጥያቄዎች እንደተፈቱ ነግሮ፣ የተረፈ ፍርፋሪ ካለ ብሎ ወደ ፖል ማቲውስ ላከው። ሳላም በፍርፋሪው ስሙን አስጠራ። በ1951 ወደ ላሆር ተመልሶ ሲያስተምር ግን የሚያነጋግረው የሙያ ጓደኛ አጣ፤ አዲስ መጽሔትም እንደልብ አያገኝም። የኮሌጁ ኃላፊም ከማስተማሩ በተጨማሪ ከሦስት ሥራ አንዱን ምረጥ አሉት፤ የተማሪዎች ማደሪያ ጠባቂነት፣ የሒሳብ መዝገብ ያዥነት፣ ወይም የእግር ኳስ ቡድን አለቅነት። ኳሱን መረጠ። (መምህራን አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን።) በ1954 አገሩን ትቶ ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ። በ1964 በኢጣሊያ ትሪየስት የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ዓለም አቀፍ ማዕከልን ያቋቋመው ሌላው ወጣት በሳይንስና በአገሩ መካከል እንዲህ እንዳይመርጥ ብሎ ነው። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ1979 ነው፤ እኛ ግን ማዕከሉን አናሳንሰውም።

የእኛ አገር ታሪክ ከዚህ ጋር ይገናኛል። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1961 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ግን በ1978 ነው። የጁባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1975 ተመሥርቶ በ1977 ማስተማር ጀመረ፤ በ1989 ጦርነቱ ወደ ካርቱም አሰደደው። ቤተ መጻሕፍትን ጭኖ መሄድና መልሶ ማምጣት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚማር ሰው ዋና ችግሩ መጽሐፍ ማጣት ነበር። የተገኘውን ያነብባል፤ በስቴንስል የተባዛ ማስታወሻ ወይም ከሞስኮው ሚር ማተሚያ ቤት በርካሽ የመጣ መጽሐፍ ይሆናል። የዛሬው ልጅ ግን አሥራ አንዱ በኪሱ አሉ፤ ችግሩ ተገልብጦ መጥቷል።

አሥራ አንዱ አንድ ትምህርት ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዱ የዘመኑን ጥያቄ የሚመልስ ነው። ብዮርከንና ድሬል በ1964ና በ1965 ያወጡት ሁለት ቅጽ ለኤሌክትሮንና ለብርሃን ስሌት ግሩም ነው። ነገር ግን በ1971 ሄራርድ ኤት ሆፍት የያንግና የሚልስ ቲዎሪዎች ከነዚያ ወሰን አልባ ቍጥሮች ሊነጹ እንደሚችሉ ካሳየ በኋላ ትምህርቱ ወደ ሌላ ሜዳ ዞረ፤ መጽሐፉም አብሮ አልዞረም። የፔስኪንና የሽሮደር መጽሐፍ በ1995 ሲወጣ ይህን ሁሉ ይዞ መጣ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም መደበኛ መማሪያ ሆነ። ከስምንት መቶ ገጽ በላይ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚሞላው እርምጃ እንዳለ የሚያስብ መጽሐፍ ይመስለናል። ወጣቱ ዓመት ሙሉ የታገለው ከዚሁ ጋር ነበር። ስቲቨን ዋይንበርግ በዚያው ዓመት ማሳተም የጀመረው ሥራ ቲዎሪው ለምን ሌላ መልክ ሊኖረው እንደማይችል ለሚጠይቅ ነው። የታሪክ መግቢያ የሆነውን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማንም መምህር ቢያነበው ይጠቀማል፤ ሁለተኛውን ግን ለጀማሪ አንመክርም። ዚ በ2003 ያሳተመው ከፍራሽ ምሳሌ ተነሥቶ እያጫወተ ይወስዳል፤ እውቀቱን ያስወድዳል፣ እጅን ግን በስሌት አያፍታታም።

ስለዚህ ወጣቱን ምን አልነው? ለብቻው የሚማር ሰው እርምጃ የማይዘልል መጽሐፍ ያስፈልገዋል አልነው። ከሁሉ አስቀድሞ የላግራንዥን መካኒክስና የአንጻራዊነትን ቲዎሪ እንዲከልስ፣ ቀጥሎ በ1984 የወጣውን የማንድልንና የሾውን መጽሐፍ እንዲይዝ፣ ጐን ለጐንም ዴቪድ ቶንግ በካምብሪጅ ያስተማረበትንና በነፃ የሚገኘውን ማስታወሻ እንዲያነብ መከርነው። ፔስኪን ከዚያ በኋላ ይከተላል። «ታዲያ ዓመቱ ባከነ?» አለ። አልባከነም አልነው፤ የሦስተኛውን ምዕራፍ ልምምዶች ሲያሳየን ግማሾቹን በትክክል ሠርቷቸዋልና።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቅነው። በጊዜና በቦታ መካከል የሚደረገውን የምልክት ልዩነት መጻሕፍቱ እኩል አይጽፉትም። ፔስኪን ጊዜን ደማሪ፣ ቦታን ቀናሽ ያደርጋል፤ ዋይንበርግና ስሬድኒኪ ይገለብጡታል። እኛም በወጣትነታችን ከሁለት መጻሕፍት አንዱን መስመር ከሌላው ስናጋባ ሦስት ሳምንት ያህል አንድ ስሌት አልወጣ ብሎን፣ ደብተሩን ቀድደን ጥለን ነበር።

የዓለም አቀፉ ማዕከል የምሥራቅ አፍሪካ ተቋም ከ2018 ጀምሮ በኪጋሊ አለ፤ ወጣቱ አሁን የሚያስበው ወደዚያ ነው። በቅርቡ ማንድልንና ሾውን ይዞ መጣ። ሰባተኛው ምዕራፍ ደርሷል። የመጣበት ጉዳይ አንድ የመቀነስ ምልክት ነበረ፤ ጄነሬተሩ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱን መጻሕፍት ጐን ለጐን ዘርግተን ፈለግነው፤ በመጨረሻም አገኘነው፤ ከሌላኛው መጽሐፍ የቀዳው መስመር ላይ ነበረ።