ሽሪምፕ ያልሆነው «ሽሪምፕ»፦ ከአንድ የአገር ስም በስተኋላ ያለ የስያሜ ታሪክ

የእንስሳት ስያሜ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ለአንድ እንስሳ በመልክ ብቻ የተሰጠ ስም ወደ ወንዝ፣ ከወንዝም ወደ አገር ሊተላለፍ እንደሚችል የካሜሩን ታሪክ ያስረዳል።

በ1472 እ.ኤ.አ. ገደማ የፖርቱጋል መርከበኞች በጊኒ ባሕረ ሰላጤ ወደሚፈሰው ወደ ውሪ ወንዝ አፍ በደረሱ ጊዜ ውኃውን የሞሉ ሽሪምፕ መሰል እንስሳት እንዳዩ ይነገራል። ወንዙንም «ሪዮ ዶስ ካማሮይንስ» አሉት፤ «የሽሪምፖች ወንዝ» ማለት ነው። ስሙ በስፓንኛ «ካማሮኔስ»፣ በእንግሊዝኛ «ካሜሩንስ» ሆነ። ጀርመኖች በ1884 እ.ኤ.አ. ምድሩን ሲይዙ «ካሜሩን» አሉት፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኛውን ክፍል የያዙት ፈረንሳዮችም በራሳቸው ፊደል አጽንተው ጻፉት። እኛም ይህን አገር በአማርኛ ስንጠራ፣ ሳናስተውለው፣ የዚያን እንስሳ ስም እንጠራለን።

ቃሉ ራሱ ተንቀሳቃሽ ነው። የፖርቱጋልኛው «ካማራኦ» እና የጣልያንኛው «ጋምቤሮ» ከአንድ የላቲን ቃል፣ ከ«ካማሩስ» የመጡ ናቸው፤ የላቲኑም ምንጭ ግሪክኛ ነው። በጉዞውም አንድ እንስሳ ብቻ ሲያመለክት አልኖረም።

እንስሳውን አዳም ኋይት በ1861 እ.ኤ.አ. «ካልያናሳ ተርነራና» ብሎ መዘገበው። ዛሬ «ሌፒዶፍታልሙስ ተርነራኑስ» ይባላል። የፊተኛው የወገን ስም አንስታይ፣ የኋለኛው ተባዕታይ በመሆኑ የቅጽሉ መድረሻ ከ«ና» ወደ «ኑስ» ተለወጠ። እንስሳው በጭቃ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል፤ በየጥቂት ዓመቱም በብዛት ወደ ውኃው ይወጣል። በዝምድናው ከእውነተኛው ሽሪምፕ ይልቅ ለሸርጣን ይቀርባል። ስለዚህ የአገሪቱ ስም የተመሠረተው በመመሳሰል ላይ እንጂ በዝምድና ላይ አይደለም።

እንስሳውን ያጠምዱና ይበሉ የነበሩት የዱዋላ ሰዎች ግን የራሱ ስም ነበራቸው፤ «ምቤአቶኤ» ይሉታል። ትክክለኛው ስም በአገሬው አንደበት ሳለ ካርታው የእንግዳውን ያዘ።

ከዚህ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ የጸና ስም በሳይንስ ስሕተት ቢሆንም አይሻርም። «የሌሊት ወፍ» ወፍ እንዳልሆነች እያወቅን ስሟን እንደያዝን ሁሉ፣ እርማቱ በፍቺው ውስጥ ይግባ እንጂ ስሙን አይንካ። ሁለተኛ፣ ገና ያልጸና ስም ግን ጥንቃቄ ይሻል። እንግሊዝኛው እነዚህን ቆፋሪዎች «የሙት መንፈስ ሽሪምፕ» ስላላቸው ቃል በቃል ብንተረጕም የሌላውን ስሕተት በፈቃዳችን እንወርሳለን። «ጭቃ ቆፋሪ ሽሪምፕ መሰል» ብንል ይሻላል፤ «መሰል» የምትለው አንዲት ቃል መልክን ከዝምድና ትለያለችና። ከሁሉ በፊት ግን የባሕር ዳርቻው ነዋሪ የሚጠራበትን ስም ጠይቆ መመዝገብ ይገባል፤ እርሱ ከጠፋ በኋላ የሚተካው የእኛ ግምት ብቻ ነው።