ከምዕራብ ጎጃም ጤና ጣቢያ እስከ ሜሪላንድ መጦሪያ ቤት

በአሜሪካ ከሚሠሩ ሐኪሞች አንድ አራተኛው ገደማ፣ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንንና ሕሙማንን ከሚንከባከቡ ሠራተኞች ደግሞ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ከአገሪቱ ውጭ የተወለዱ ናቸው። በዚህ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ድርሻ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ከአዲስ አበባ ወጥተው ስለቀሩ ሐኪሞች ነው። ይህ አተራረክ ግን የታሪኩን ግማሽ ይተዋል፤ ስደቱ ቀበሌን ከወረዳ፣ ወረዳን ከክልል ከተማ፣ የክልል ከተማን ከውጭ አገር የሚያያይዝ ሰንሰለት በመሆኑ፣ መነሻው በደንብ የሚታየው እንደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባሉ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ነው።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለረጅም ዘመን ሕመምተኛውን ሲረዱ የኖሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ የተሰበረ አጥንት ወጌሻ ይጠግናል፣ ምጥ የያዛትን ሴት የልምድ አዋላጅ ትረዳለች፣ ሌላው ሕመም ወደ ጠበል ወይም ወደ መድኃኒት አዋቂ ይወሰዳል። ዘመናዊው ሕክምና ሲመጣ ግን ባለሙያው በአብዛኛው ከሌላ አካባቢ የተመደበ፣ አስተማሪዎቹም ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የጨረሰውን የወባ ወረርሽኝ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የተቋቋመ ሲሆን፣ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን ያሠለጥን ነበር፤ እነዚህም ሕክምናውንና የጤና ጣቢያውን አመራር አጣምሮ የሚይዘው ጤና መኮንን፣ በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ የምትሠራው የማኅበረሰብ ነርስ፣ የውኃንና የአካባቢን ንጽሕና የሚከታተለው ሳኒታሪያን ነበሩ። ዕቅዱ አንድ ጤና ጣቢያ 50,000 ሰው እንዲያገለግል ነበር። በብር ሸለቆና በዓባይ በረሃ በኩል ወባ የጣለውን በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ከተማ ለሚወጣው ገበሬ ይህ ቁጥር የሚናገረው ርቀትን ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ባለሙያው ገጠር ውስጥ እንዲሠራ ተብሎ በጎንደር ሲሠለጥን ገንዘብ ካወጡት አንዷ አሜሪካ እንደነበረች ነው። ከአብዮቱ በኋላ አጋሮቹ ተለወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ጎንደር ከምሥራቅ ጀርመን የላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪሞችን ማሠልጠን ጀመረ፣ የኩባ ሐኪሞችም በየክፍለ ሀገሩ ሠሩ። በዚያው ዘመን ብዙ የተማረ ሰው በሱዳን በኩል ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግም በሩን ከፈተለት።

አሜሪካ ራሷ የጤና ሠራተኛ ከውጭ መሳብ የጀመረችው ቀደም ብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በተጀመረው የልውውጥ ፕሮግራም ብዙ የፊሊፒንስ ነርሶች ገቡ፤ የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን ኮታ አስቀርቶ ለእስያና ለአፍሪካ ባለሙያዎች መንገዱን አሰፋ። ለምዕራብ ጎጃም አንባቢ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውና ሐሳቡን ባመነጩት የኖርዝ ዳኮታው ሴናተር ኬንት ኮንራድ ስም የሚጠራው ሕግ ነው። ለስፔሻሊቲ ትምህርት በልውውጥ ቪዛ የገባ የውጭ ሐኪም ሲጨርስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ የመመለስ ግዴታ ነበረበት፤ ይህ ሕግ ግን ሐኪሙ የባለሙያ እጥረት ባለበት የአሜሪካ አካባቢ ሦስት ዓመት ካገለገለ ግዴታው እንዲነሣለት ፈቀደ። እንደ ቡሬ ዙሪያ ሁሉ የኖርዝ ዳኮታ ገጠርም ሐኪም አጥቶ ነበር። ልዩነቱ አንደኛው ጉድለቱን የሚሞላበት አቅምና ሕግ ያለው፣ ሌላው የሌለው መሆኑ ነው፤ የመመለስ ግዴታው ሲነሣም ኪሳራው የሚደርሰው ሐኪሙ ሊመለስበት በነበረው አገር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ከሐኪሞቹ ይልቅ ቁጥሩ የበዛው ዝቅ ባለው የሥራ መደብ ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ የተመሠረተው የዲቪ ሎተሪ 12ኛ ክፍል ላጠናቀቀ ወጣት ሁሉ ዕድል በመስጠቱ ስደቱን ከዋና ከተማው ወደ ወረዳ ከተሞች አወረደው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙዎች መጀመሪያ የሚይዙት ሥራ የረዳት ነርስነት ነው፤ ይህም አረጋውያንን ማጠብ፣ መመገብ፣ ማገላበጥና ልብስ መቀየር ሲሆን፣ በፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። በአገሯ ዓመታት ያዋለደች ነርስ እንኳ የአሜሪካውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና እስክታልፍ ድረስ በነርስነት መቀጠር ስለማትችል፣ ብዙ ጊዜ በዚሁ ሥራ ትቆያለች። ወላጅን እቤት መጦር የልጅ ግዴታ በሆነበት ባህል ያደጉት እነዚህ ሰዎች የሌላውን ወላጅ ሲጦሩ፣ የራሳቸው እናት ጂጋ ወይም ደምበጫ ላይ በላኩት ገንዘብና በጎረቤት እጅ ትጦራለች። ገንዘቡ ብዙ ቤት አቁሟል፤ ይህ ሊካድ አይገባም፤ የሚጦር እጅን ግን አይተካም።

በአገር ቤት ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከቀደሙት ሁሉ የሚለየው ባለሙያዋን ከሩቅ ከመመደብ ይልቅ ከአካባቢው መመልመሉ ነው፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌያቸው ጤና ኬላ ተመደቡ። ለጎጃም ገጠር ሰው ክትባትንና የወባ ምርመራን እደጁ ድረስ ያደረሱለት እነርሱ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ይህን ሁሉ ክፉኛ ጎድቶታል፤ በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ኑሮን እንደማይሸፍን በመግለጽ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። በዚህ ሁኔታ የሚሄደውን ባለሙያ መውቀስ ፍትሕ አይደለም፤ ተጠያቂነቱ ሊያስቀሩት ባልቻሉትና ሳያስተምሩ በሚቀጥሩት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቁት የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ቅጥር ደንብ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ባለሙያውን ላስተማረው አገር ካሣ እንዲከፈልም አያስገድድም።