መጤ ወራሪ ዕፅዋት በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የመንግሥትና የወል ደኖች

መጤ ወራሪ ዕፅዋት የሚባሉት ከተፈጥሮ መገኛቸው ወጥተው በእህል፣ በተሽከርካሪ፣ በውኃ ወይም በሰው እጅ አዲስ አገር ከገቡ በኋላ ያለ ማንም እርዳታ እየተባዙ ነባሩን ዕፅዋት፣ ግጦሹንና ሰብሉን የሚያፈናቅሉ ዝርያዎች ናቸው። መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም፤ በቆሎ፣ ድንችና በርበሬም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው። በጎንደር ከተማ ዙሪያና ከዚያ እስከ ሰሜን ተራሮች ባለው አገር ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ቅንጬ አረም፣ የወፍ ቆሎ፣ በጣና ዳርቻ ደግሞ እምቦጭ ናቸው። ባሕር ዛፍ ከእነዚህ ጋር ይቆጠር አይቆጠር የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

አካባቢውና የመሬቱ ይዞታ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተ ደቡብ መሬቱ በአዘዞ በኩል ወደ ደምቢያ ሜዳና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጣና ያዘቀዝቃል። በስተ ሰሜን በደባርቅ አድርጎ ወደ ሰሜን ተራሮች ይወጣል፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ዛሬ ማዕከላዊ፣ ሰሜንና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ በሦስት ተከፍሏል። የከፍታው ልዩነት ለዚህ ጉዳይ ወሳኝ ነው፤ ከወራሪዎቹ አብዛኞቹ ሙቀት ወዳጆች ስለሆኑ ውርጭ የሚጥልበት ደጋ ለጊዜውም ቢሆን ራሱን ይከላከላል።

የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን ደንግጓል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደንን ለይቶ ያውቃል። በወረቀት ላይ ባለቤት የሌለው ደን የለም። በተግባር ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ገበሬ ማሳው ውስጥ የበቀለውን አረም ሳይውል ሳያድር ያርማል። መንገድ ዳር፣ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ በተደረገ ተፋሰስ ወይም በመንግሥት ተከላ ውስጥ የበቀለውን ግን የሚነቅል የተወሰነ ሰው አይገኝም። ወራሪ አረም ሥር የሚሰድደው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ አያያዙም ከኬሚካልና ከማሽን በፊት የሚጀምረው ይህ መሬት የማን እጅ ይጠብቃል ከሚለው ጥያቄ ነው።

ቅንጬ አረም

በሳይንሳዊ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ የሚባለው፣ በሐረርጌ ፈረምሲሳ የሚሉት ይህ አረም መገኛው ሞቃታማው የአሜሪካ ክፍል ነው። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ አበባው ነጭና ደቃቅ ነው። ከበቀለ በአንድና በሁለት ወር ውስጥ ያብባል። አንድ ተክል ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ዘር እንደሚሰጥ በተለምዶ ይጠቀሳል። በሚነካው ሰው ላይ የቆዳ ማሳከክና ቁስለት፣ ብናኙን በሚስበው ላይ ደግሞ አስም መሰል ሕመም ያስከትላል። ከብት አማራጭ ሲያጣ ከበላው ወተቱም ሥጋውም ይመራል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥረ ነገር የሌላውን ዘር ብቅለት ያፍናል።

ወደ ኢትዮጵያ እንዴት ገባ የሚለው እስካሁን መቋጫ አላገኘም። በስፋት የሚነገሩት ታሪኮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኦጋዴን ጦርነት ከወታደራዊ ተሽከርካሪዎች ጋር በምሥራቅ በኩል ገባ የሚል ነው። ሁለተኛው ከ1977ቱ ረሀብ የእርዳታ ስንዴ ጋር ያያይዘዋል፤ ለዚህም አረሙ በወሎ የእህል ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ ቀድሞ መታየቱን በማስረጃነት ያቀርባል። ይሁንና አረሙ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በዓለማያ፣ በዛሬዋ ሐረማያ፣ ታይቶ ነበር የሚሉ ጽሑፎችም አሉ። ይህ ትክክል ከሆነ ከጦርነቱም ከረሀቡም ይቀድማል። ሁለቱ ታሪኮች የግድ አይቃረኑም፤ አረሙ በተለያየ ጊዜና በተለያየ በር ደጋግሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ይህንኑ ይደግፋል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ፑኔ ከተማ ላይ ሲታይ ከአሜሪካ ከመጣ እህል ጋር ተያይዟል። በአውስትራሊያ ደግሞ ሁለት መግቢያ ይጠቀሳል፤ አንዱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ዕቃ፣ ሌላው ከቴክሳስ የመጣ የግጦሽ ሣር ዘር ነው።

በእርዳታ እህል መጣ የሚለው አባባል በሕዝቡ ዘንድ ከሁሉም ይልቅ ሥር ሰድዷል። ለአያያዙ የሚጠቅመውም እሱ ይመስላል፤ ጦርነት ያልፋል፣ እህል ግን ዛሬም በየመጋዘኑ ይራገፋል።

በአማራ ክልል ቅንጬ አረም መጀመሪያ የተስፋፋው በደቡብ ወሎ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ ነው። በ1990ዎቹ የወጣ አንድ ግምት በክልሉ የተወረረውን መሬት ከ37 ሺህ ሄክታር በላይ ያደርሰዋል። ወደ ምዕራብ የሚያመጣው በዋናነት መንገድ ነው፤ ከወልድያ በደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደው አውራ ጎዳና የወሎን ቆላ ከጎንደር ጋር ያገናኛል። ዘሩ በጎማ ጭቃ፣ በእህል ጆንያ፣ በግንባታ አሸዋና በከብት ሰኮና ይጓዛል። ሣሩ ተግጦ መሬቱ የተራቆተበትን ቦታ ይመርጣል፤ ሣር ጥቅጥቅ ብሎ የያዘውን ግን በቀላሉ አይደፍርም። ስለዚህ ከንክኪ ነጻ የሆነ መሬት የሚታረም ከሆነ ከመከላከያዎች አንዱ ነው፤ መግቢያውና ዳር ድንበሩ ካልታረመ ግን የዘር ማከማቻ ይሆናል።

በእጅ መንቀል ውጤት የሚሰጠው በጊዜው ከሆነ ብቻ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ቅጠሉ መሬት ላይ እንደተነጠፈ አበባ ሳያወጣ ሲያዝ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ግንዱ ከጠነከረ በኋላ የሚጎትተው ሰው እጅ ላይ ይበጠስና ከአንገቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። አብቦ የተነቀለ ከተከመረበት ዘሩን ሊያራግፍ ስለሚችል ማቃጠል ያስፈልጋል። ነቃዩ ጓንት ማድረግ አለበት። በባዶ እጅ የሚሠራ ዘመቻ የአንድን ቀን ሥራ የብዙ ሳምንት የቆዳ ሕመም ያደርገዋል፤ ወጣቶችንና ተማሪዎችን ለዚህ ሥራ ያለ ጓንት ማሰማራትም ተገቢ አይደለም።

በነፍሳት የመቆጣጠር ሥራ በኢትዮጵያ የተጀመረው አምቦ በሚገኘው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ነው። ቅጠል የምትበላ ዚጎግራማ የተባለች ጥንዚዛና ግንድ የሚሰረስር ሊስትሮኖተስ የተባለ ነቀዝ በለይቶ ማቆያ ለዓመታት ከተፈተሹ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ወለንጪቲ አካባቢ ጥንዚዛዋ ተለቀቀች። የፍተሻው ዋና ጭንቀት ኑግ ነበር፤ ኑግና ቅንጬ አረም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ኑግ ለሚዘራ የጎንደር ገበሬ ይህ ቁልፍ ነገር ነው፤ አረሙን ለማጥፋት የመጣች ነፍሳት ወደ ዘይት እህሉ ብትዞር ጥፋቱ ከአረሙ በባሰ ነበር። ለጥንቃቄው ምክንያት የሚሆን ምሳሌም በቅርብ አለ። በትግራይ ለቀለም ምርት ተብሎ የገባው የኮቺኒል ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥቶ ሰውና ከብት የሚኖርበትን በለስ አጥፍቷል።

የወፍ ቆሎ

የወፍ ቆሎ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላንታና ካማራ፣ ለአጥርና ለጌጥ ተብሎ የገባ ባለ እሾህ ቁጥቋጦ ነው። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ያዛምታሉ። ቅጠሉ ለከብት መርዛማ ነው። ሞቃታማና ወይና ደጋ አካባቢን ይመርጣል።

ባሕር ዛፍ

ባሕር ዛፍን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት አጼ ምኒልክ መሆናቸው ስምምነት አለው፤ ዘመኑም 1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። ምክሩን ማን ሰጠ የሚለው ግን ይለያያል፤ አንዳንዶች ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳዬን፣ ሌሎች ካፒቴን ኦብራየን የተባለ እንግሊዛዊን ይጠቅሳሉ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ የሐር ትል የሚመገብበት ዛፍ እንዲተከል ትእዛዝ ወጥቶ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ ይባላል። ትእዛዙ የሚያሳየው ውኃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል የሚለው ስሞታ የዛሬ አለመሆኑን ነው።

በጎንደር ዙሪያ ኮረብታዎች ነጭና ቀይ ባሕር ዛፍ ሁለቱም ይገኛሉ፤ ነጩ ለብርዱ ይበረታል። ማገዶ፣ ምሰሶ፣ ማገርና የግንባታ መወጣጫ ሁሉ ከእሱ ነው። ባሕር ዛፍ እንደ ቅንጬ አረም አገር በራሱ አይወርርም። ዘሩ ከእናት ዛፉ ብዙ አይርቅም፤ የሚያስፋፋው የገበሬው እጅና ገበያው ነው። ስለዚህ ወራሪ ብሎ መፈረጅ ከሥነ ሕይወት አንጻር ትክክል አይመስልም። ይሁንና ከምንጭ ራስ፣ ከወንዝ ዳርና ከእርሻ ድንበር መራቅ እንዳለበት በሰፊው ይታመናል። ተመራማሪው ደምል ተከታይና ባልደረቦቹ በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ያካሄዱት ጥናት በተተከሉ የውጭ ዛፎች ጥላ ሥር አገር በቀል ችግኝ ሊያገግም እንደሚችል አሳይቷል። የጥድ፣ የወይራና የዋንዛ ዘር የሚሰጥ አሮጌ ደን አጠገብ ከሌለ ግን ይህ ማገገም አይታሰብም። በጎንደር አገር ያ አሮጌ ደን አብዛኛውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። በደቡብ ጎንደር የደን ሳይንቲስቱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው፣ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ሜግ ሎውማን ጋር በመሆን በአብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርጓል። ካቡ ከብትን ከልክሎ ችግኙን ያድናል። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ስለሚለቀም ገበሬውም ይጠቀማል።

የደን ነፍሳት

በተከላ ደኖች ላይ ወራሪው ዕፅ ብቻ አይደለም። የፈረንጅ ጥድን ጭማቂ የሚመጥጥ ቅማል መሰል ነፍሳት እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ ታይቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተዛምቷል፤ ኢትዮጵያም ደርሷል። ቀይ ባሕር ዛፍንም ከራሱ አገር ከአውስትራሊያ የመጣች፣ ቅጠሉን የምታሳብጥ ደቃቅ ተርብ ታጠቃዋለች።

ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። አስታና ጅብራ በሚበቅሉበት ከፍታ ላይ ቅርቡ ስጋት አረም ሳይሆን ልቅ ግጦሽና ውሻ ነው። ውሻ የሚያጋባው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮ ፈጅቷል። በ2011 ዓ.ም. የተነሳው እሳት አስታና ጓሳ በልቷል፤ የተቃጠለ መሬት ደግሞ ለአዲስ አረም ክፍት ነው።

እምቦጭ

እምቦጭ በኢትዮጵያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ይታወቃል፤ ቆቃና አዋሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመዝግቧል። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የተገለጸው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን፣ የመገጭ ወንዝ የሚገባበት ሰሜናዊ ዳርቻ ከመጀመሪያዎቹ ነው። ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ዋና ተጎጂዎች ሆኑ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ታላቅ ዘመቻ ተካሂዷል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል አንድ ዘመቻ አይበቃውም። እምቦጭ ከደን ጋር የሚገናኘው በመገጭ ነው፤ ከጎንደር ከተማ በአንገረብ ወንዝ በኩል የሚወርደው ፍሳሽና ከተራቆቱት ኮረብታዎች የሚታጠበው አፈር ለአረሙ ምግብ ነው። ላይኛው ተፋሰስ ካልተሸፈነ ታችኛው ዳርቻ ላይ የሚፈሰው ላብ በየዓመቱ ይደገማል።

ሕግና ቅድመ ጥንቃቄ

የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56/1964 ተባይና አረም የተሸከመ ዕፅ ወደ አገር እንዳይገባ ለመቆጣጠር ወጣ። ኢትዮጵያ የብዝሀ ሕይወት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ1994 አጽድቃለች። እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ እስከ 2010 በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የወራሪ ዕፅዋት ፕሮጀክት ከጋና፣ ከኡጋንዳና ከዛምቢያ ጋር ተካፍላለች።

የደን ባለሙያ በራሱ ሥልጣን ሊዘጋው የሚችለው በር ችግኝ ጣቢያው ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ከነአፈሩ በፕላስቲክ ከረጢት ይጓጓዛል። አፈሩ ቅንጬ አረም ካለበት ቦታ ከተቆፈረ ዘሩ ተራራው ድረስ በመንግሥት መኪና ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ የአፈርና የአሸዋ መቆፈሪያው ከመመረጡ በፊት ይታያል፤ የጣቢያው አጥር ዙሪያና መኪናው የሚቆምበት ቦታ ከሰኔ በፊት ይታረማል፤ ከረጢቱ ውስጥ የበቀለው አረም ችግኙ ከመጫኑ በፊት ይነቀላል። ተከላው በተካሄደበት ቦታም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክረምቶች አበባ ከመውጣቱ በፊት መዞርና የታየውን መንቀል ያስፈልጋል።