ሉዊ ቪቶን

ሉዊ ቪቶን በ1854 በፓሪስ የተመሠረተ፣ የጉዞ ሳጥን፣ ሻንጣና የቆዳ ዕቃ የሚሠራ የፈረንሳይ ቤት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ስሙ ሲነሳ ለብዙ ሰው የሚታየው የሴቶች የእጅ ቦርሳ ነው። ቤቱን ለትልቅነት ያበቃው ግን የጉዞ ሳጥን ነው። መታወቂያዎቹ የሆኑት ጠፍጣፋ ክዳን፣ ባለ ምልክት ሸራና ልዩ ቁልፍም መጀመሪያ የተሠሩት ተጓዡንና ነጋዴውን ላስቸገረ ነገር መላ እንዲሆኑ ነበር።

መሥራቹ ሉዊ ቪቶን ኦገስት 4 ቀን 1821 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በዡራ ተራራማ አገር በምትገኝ አንሼ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ገበሬ፣ እናቱ ባርኔጣ ሠሪ ነበሩ፤ እናቱ የሞተችው ገና ልጅ ሳለ ነው። በ1835፣ አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላው፣ ከቤት ወጥቶ በእግሩ ወደ ፓሪስ አቀና። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጁ በየደረሰበት ያገኘውን እየሠራ በ1837 ከተማዋ ገባ። ከፓሪስ የተነሳው የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡርም ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። የቪቶን ሀብት የተገነባው ባቡርና የእንፋሎት መርከብ ባመጡት የጉዞ ዘመን ነውና አጋጣሚው ልብ ሊባል ይገባዋል።

ፓሪስ እንደገባ ማሬሻል በሚባል ባለሙያ ዘንድ ተለማማጅ ሆነ። የማሬሻል ሙያ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ባለጸጋ ቤተሰብ ለጉዞ ሲነሳ ጓዙን ራሱ አያሽግም፤ ባለሙያው ቤት ድረስ ይጠራል፣ ዕቃውን ይለካል፣ በልኩ የእንጨት ሳጥን ይሠራል፣ ከዚያም ቀሚሱንና ባርኔጣውን በየቦታው አሳምሮ ይደረድራል። የመኳንንቱ ሴቶች ቀሚስ እንደ ድንኳን የሚሰፋ ስለነበር፣ ሳይጨማደድ ማጠፉ ብቻ ብዙ ዓመት የሚጠይቅ ጥበብ ነበር። ሉዊ በዚህ ሥራ 17 ዓመት ቆየ። በ1853 ናፖሊዮን ሦስተኛ እቴጌ ዩጂኒን ካገቡ በኋላም የእቴጌይቱን ልብስ የሚያሽገው እሱ ሆነ። የቤቱን ታሪክ በ1854 ብቻ መጀመር ይህን ዘመን ያስዘልላል። ሉዊ የራሱን ሳጥን መሸጥ ሲጀምር በጉዞ ላይ ምን እንደሚሰበር፣ ምን እንደሚሻግት፣ የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚላላ በእጁ ያውቅ ነበር።

በ1854 ትዳር መሠረተ፤ በዚያው ዓመት በቫንዶም አደባባይ አቅራቢያ፣ ኔቭ ደ ካፑሲን በተባለው መንገድ ቁጥር 4 ላይ የራሱን ሱቅ ከፈተ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ስሙን ያስጠራውን ሳጥን አወጣ። እስከዚያ ድረስ የጉዞ ሳጥን ክዳኑ ጎበጥ ያለ ነበር። በሠረገላ ጣሪያ ላይ ስለሚጫን ዝናቡ እንዲንሸራተትለት ያስፈልጋል። በባቡር የዕቃ ፉርጎና በመርከብ ሆድ ውስጥ ግን ጎባጣ ክዳን ችግር ነው፤ አንዱን በሌላው ላይ መደርደር አይቻልም። የቪቶን ሳጥን ክዳኑ ጠፍጣፋ ሆነ። ዝናቡን የሚከላከለው ደግሞ ቅርጹ መሆኑ ቀርቶ ልባሱ ሆነ፤ በከባድ ቆዳ ፈንታ ትሪያኖን የተባለ፣ ውኃ የማያስገባ ግራጫ ሸራ ተለጠፈበት። አካሉ ከቀላሉ የፖፕላር እንጨት ነው። በላዩ የጠንካራ እንጨት ዘንጎች በአግድም ይመታሉ፣ ጠርዙና ማዕዘኑ በብረትና በነሐስ ይታሰራል፣ ውስጡ የሚወጡና የሚገቡ ትሪዎች አሉት። ተጓዡ ሳጥኑን እስከ ታች ሳይበረብር ሸሚዙን ማውጣት ቻለ ማለት ነው።

ትዕዛዝ ሲበዛ የመሐል ከተማው ቦታ ጠበበ። በ1859 ሉዊ ከፓሪስ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሴን ወንዝ ዳር በምትገኘው አኒዬር ወርክሾፕ ከፈተ። ምርጫው የነጋዴ ብልሃት ነበር፤ እንጨቱ በጀልባ በወንዙ ይመጣለታል፣ ያለቀው ሳጥን በባቡር ወደ መሐል ፓሪስ ይገባለታል። በፈረንሳይና በፕሩሲያ ጦርነት፣ በ1870 እና 1871፣ ወርክሾፑ ተዘረፈ። ሉዊ እንደገና ጀመረ፤ በ1871 ከኦፔራው አጠገብ፣ ሀብታም መንገደኞች በሚያርፉበት ታላቅ ሆቴል አካባቢ፣ በስክሪብ መንገድ ቁጥር 1 አዲስ ሱቅ ከፈተ።

ዝናው አስመሳዮችንም ጠራ። ግራጫው ሸራ ሲቀዳበት በ1872 ባለ መስመር ሸራ አወጣ፤ እሱም ተቀዳ። በ1888 የዳማ ገበታ የሚመስለው ዳሚዬ መጣ፤ በአንዳንዶቹ አራት ማዕዘኖች ውስጥ የቪቶን የተመዘገበ ምልክት መሆኑ ተጽፎበታል። ሉዊ በ1892 ሲሞት ትግሉ ለልጁ ለዦርዥ ተረፈ። ዦርዥ በ1896 ኤል እና ቪ የተባሉትን የአባቱን ስም ፊደላት አቆላልፎ፣ ባለ አራት ቅጠል አበቦች ጨምሮ ሞኖግራም የተባለውን ሸራ ሠራ። አስመሳይን ለመመከት የወጣው ይህ ምልክት በዓለም ላይ እጅግ ተመሳስለው ከሚሠሩት አንዱ መሆኑ ያሳዝናል።

ዦርዥ ቁልፉንም አሻሽሏል። ሳጥን የሀብታም ንብረት ስለሚይዝ የሌባ ዓይን አይለየውም። በ1886 የወጣው በምላስና በሞላ የሚሠራው ቁልፍ ለሌባ አስቸጋሪ ነበር። የእያንዳንዱ ደንበኛ ቁልፍ ቁጥር በመዝገብ ይያዝና፣ አዲስ ሳጥን ሲያዝ በዚያው በያዘው መክፈቻ እንዲከፈት ተደርጎ ይሠራለት ነበር።

በልዩ ትዕዛዝ ከተሠሩት ውስጥ ለአሳሹ ፒየር ሳቮርኛን ደ ብራዛ የተዘጋጀው ሲከፈት ተጣጣፊ አልጋ የሚወጣው ሳጥን ይጠቀሳል። ቦርሳ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1901 የወጣው ስቲመር ታጥፎ በሳጥን ውስጥ የሚገባ፣ በመርከብ ላይ የቆሸሸ ልብስ የሚጠራቀምበት ከረጢት ነበር። በ1932 የወጣው ኖዬ ደግሞ ለሻምፓኝ የተሠራ ነው፤ አራት ጠርሙስ ቀጥ ብሎ፣ አምስተኛው በመሐል ተዘቅዝቆ ይገባበታል። ኖዬ ዛሬ የትከሻ ቦርሳ ሆኖ ይሸጣል።

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ጋዜጠኛዋ ስቴፋኒ ቦንቪቺኒ በ2004 ባሳተመችው መጽሐፍ ቤተሰቡ ለናዚ ጀርመን ካደረው ከማርሻል ፔታን የቪሺ መንግሥት ጋር ተባብሮ እንደነበር ጽፋለች። ይህን ያልጨመረ የቤቱ ታሪክ የተሟላ አይሆንም።

በ1959 ሞኖግራሙ ለስላሳና ተጣጣፊ በሆነ ሸራ ላይ መሠራት ሲጀምር በጠንካራው ሳጥን ላይ የነበረው ምልክት ወደ ቦርሳ ተሻገረ። በ1977 የቤተሰቡ አማች ሄንሪ ራካሚዬ አመራሩን ሲይዝ ቤቱ በፓሪስና በኒስ ሁለት ሱቆች ብቻ ነበሩት። ትርፉን ቸርቻሪዎች እንደሚወስዱት ያየው ራካሚዬ ዕቃውን በራሱ ሱቆች መሸጥን መረጠ፤ በ1978 ጃፓን ገባ። በ1987 ቤቱ ከመጠጥ አምራቹ ሞዬት ሄኔሲ ጋር ተዋህዶ ኤልቪኤምኤች የተባለው ቡድን ተፈጠረ፤ ከብርቱ የሥልጣን ትግል በኋላም በ1989 ቡድኑ በባለሀብቱ በቤርናር አርኖ እጅ ገባ። ከ1997 ጀምሮ የፋሽን ነዳፊው ማርክ ጃኮብስ ልብስ ጨመረበት፤ ከ2018 እስከ ሞተበት እስከ 2021 የወንዶቹን ክፍል ቨርጂል አብሎ መራ፣ በ2023 ደግሞ ሙዚቀኛው ፋሬል ዊሊያምስ ተተካ።

አኒዬር አሁንም ይሠራል። ጠንካራ ሳጥኖችና ልዩ ትዕዛዞች የሚወጡት ከዚያ ነው።