ዜና መልእክታት፦ የፍሮይድ ደብዳቤዎች ከእሳት እንዴት እንደ ዳኑ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ሲግመንድ ፍሮይድ የሚባል የ31 ዓመት ሐኪም ነበረ። ስሙ ገና አልተሰማም፤ ሀብትም አልነበረውም። በዚያው ዓመት በመጸው ዊልሄልም ፍሊስ የተባለ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ከበርሊን መጣ፤ የቪየናው ሐኪም ዮሴፍ ብሮየርም መክሮት የፍሮይድን ትምህርት ሰማ። ሁለቱም ተዋደዱ። ፍሊስ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ፍሮይድ ኖቬምበር 24 ቀን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈለት።

ከዚያም ወዲህ 17 ዓመት ተጻጻፉ። የቪየና ሐኪሞች ፍሮይድን አልሰሙትም ነበርና የልቡን ሁሉ ለበርሊኑ ወዳጁ ገለጠ። በ1895 ስለ ሰው አእምሮ አሠራር የጻፈውን ረቂቅ በደብተር ላከለት። በ1896 አባቱ ሞቱ፤ ኀዘኑንም ጻፈለት። በ1897 ሴፕቴምበር 21 ቀን ትልቅ ነገር ነገረው፤ የታካሚዎቹ ደዌ ሁሉ በልጅነታቸው ከደረሰባቸው መደፈር የመጣ ነው ይል የነበረውን ትምህርቱን ከእንግዲህ እንደማያምንበት አስታወቀው። ወር ሳይሞላም፣ ኦክቶበር 15 ቀን፣ ራሱን መርምሮ ለእናቱ ፍቅርን በአባቱም ላይ ቅናትን በገዛ ልቡ እንዳገኘ ጻፈ፤ የግሪኩን ንጉሥ የኤዲፐስንም ታሪክ አነሣ። ሳይኮአናሊሲስ የተባለው፣ የሰውን ስውር ሐሳብ በንግግር የሚመረምረው ሕክምና፣ የተፀነሰው በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው።

በ1900 ሁለቱ ወዳጆች በአኬንዜ ሐይቅ አጠገብ ተገናኝተው ተጣሉ፤ ዳግመኛም ፊት ለፊት አልተያዩም። በ1904 ደግሞ በሰው ሁሉ ውስጥ የወንድና የሴት ባሕርይ አብሮ አለ የሚለውን ሐሳብ ስለ መቅደምና ሐሳቡም ወደ ሌሎች ሰዎች ስለ መውጣቱ ተካሰሱ፤ መጻጻፉም ቀረ።

በ1928 ፍሊስ ዐረፈ። መበለቱ ኢዳ ባሏ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች እንዲመልስላት ፍሮይድን ለመነችው፤ እርሱም ፈልጎ እንዳላገኛቸው መለሰላት። እነዚያ ከጥቂቶች በቀር እስከ ዛሬ አልተገኙም። ፍሮይድ ወረቀት ማቃጠል ልማዱ ነበር፤ በ1885 ገና ወጣት ሳለ የ14 ዓመት ማስታወሻዎቹንና ደብዳቤዎቹን አጥፍቶ፣ ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ይቸገሩ ብሎ ለእጮኛው ጽፎላት ነበር። ፍሮይድ ለፍሊስ የጻፋቸው ግን በበርሊን በኢዳ እጅ ነበሩ።

ናዚዎች በጀርመን ከነገሡ በኋላ ኢዳ ደብዳቤዎቹን ራይንሆልድ ሽታል ለሚባል መጽሐፍ ነጋዴ ሸጠች፤ በፍሮይድ እጅ እንዳይገቡም አጥብቃ አሳሰበች፤ እንደሚያጠፋቸው ታውቅ ነበርና። ነጋዴው ወደ ፓሪስ ይዟቸው ሄዶ በ1936 መጨረሻ ለልዕልት ማሪ ቦናፓርት አቀረበላት። እርሷም ከናፖሊዮን ወንድም ከሉሲየን ዘር የተወለደች፣ የግሪክና የዴንማርክ ልዑል የጊዮርጊስ ሚስት፣ ከ1925 ጀምሮም የፍሮይድ ታካሚና ደቀ መዝሙር ነበረች። ዋጋው 12,000 ፍራንክ ነበር፤ 284 ደብዳቤዎችንና ጽሑፎችን ተቀበለች፤ ለመምህሯም አስታወቀችው።

ፍሮይድ እጅግ ታወከ። ከሚመጣው ትውልድ ማንም እንዳያያቸው ወደደ፤ የዋጋውን እኩሌታ ልክፈል አላት። ጣዎስ ለመብል እንዴት ይሠራል ቢሉ ሳምንት ከመሬት ቀብረህ ታወጣውና ትጥለዋለህ የሚለውን የአይሁድ ጨዋታም ነገራት፤ አጥፊያቸው ማለቱ ነበር። ልዕልቲቱ ግን እምቢ አለች። ለሶቅራጥስ ክብር ሲባል የአፍላጦን መጻሕፍት ቢጠፉ ዓለም ምን ያህል በጎደለ ነበር ብላ ተከራከረችው። ከገንዘቡም አንዳች አልተቀበለችውም።

ከዚህም በኋላ ደብዳቤዎቹን በቪየና በሮትሽልድ ባንክ አስቀመጠች። በ1938 በማርች ወር ሂትለር ኦስትሪያን ያዘ። ባንኩ የአይሁድ ነበርና ሁሉ ለዝርፊያ ቀረበ። ማሪ የነገሥታት ወገን ስለ ነበረች የናዚ ምስጢር ፖሊሶች የሆኑት ጌስታፖዎች እያዩ ሣጥኗን ከፍታ ደብዳቤዎቹን አወጣች፤ ወደ ፓሪስም ወሰደቻቸው። ፍሮይድም በዚያው ዓመት በጁን ወደ እንግሊዝ ተሰደደ፤ በ1939 በለንደን ዐረፈ። በ1941 በጦርነቱ ጊዜ ማሪ ከፓሪስ ስትወጣ ደብዳቤዎቹን በዴንማርክ ሌጋሲዮን አኖረች። ከተማይቱ ከጥፋት ዳነች፤ እነርሱም ዳኑ። ፈንጂ በተጠመደበትም ባሕር ወደ እንግሊዝ ሲሻገሩ፣ መርከቡ ቢሰጥም እንኳ እንዲንሳፈፉ ውኃ በማያስገባ ነገር ተጠቅልለው ነበር።

በ1950 ማሪ ቦናፓርት፣ የፍሮይድ ልጅ አናና የሳይኮአናሊሲስ ባለሙያው ኤርንስት ክሪስ ደብዳቤዎቹን በጀርመንኛ አሳተሙ። ነገር ግን ከ284ቱ የታተሙት 168 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚያም ብዙው ተቆርጦ ነበር። ፍሊስ በ1895 የአንዲትን ታካሚ አፍንጫ ቀዶ ረጅም የቁስል ጨርቅ በውስጡ ረስቶ ለሞት እንዳቀረባት፣ ፍሮይድም ወዳጁን ነጻ ለማውጣት ደሟ የፈሰሰው ከገዛ ናፍቆቷ ነው እስከ ማለት እንደ ደረሰ የሚናገሩት ቃላት ተሰወሩ። በ1985 ጄፍሪ ማሶን ሙሉውን አሳተመው፤ ያን ጊዜ የተበደለችው ሴት ነገር በሙሉ ተነበበ።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። ማሪ ቦናፓርት መምህሯን እምቢ በማለቷ ከታዘዙት ሁሉ ይልቅ አከበረችው፤ ያለ እርሷ የአንድ ትልቅ ሐሳብ ልደት ባልታወቀ ነበር። የ1950 አሳታሚዎች ግን፣ እርሷም ጭምር፣ ስሙን ለመጠበቅ ሲሉ የታካሚይቱን እውነት ደበቁ፤ በዚህ ተሳስተዋል። ደብዳቤ የጠበቀ ሰው ክብሩንም ነውሩንም አብሮ ይጠብቅ፤ ገሚሱን የሸሸገ ጠባቂ የሥራውን ገሚስ አፍርሷልና።