ፕላዝማው ሲናገር፣ መምህሩ ቆሞ ሲሰማ

ስሙኝማ! የምነግራችሁ ነገር ሩቅ አይደለም። ዛሬ ልጅ የሚያሳድጉ የደብረ ማርቆስ ሰዎች በተማሪነታቸው ያዩት ነው።

ዘመኑ 1997 ዓ.ም. ነው። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዲሽ ተተከለ፤ በየክፍሉም ሰፋፊ ቴሌቪዥን ገባ። ተማሪውም መምህሩም ወላጁም በአንድ አፍ «ፕላዝማ» አሉት። ሂሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው ደቡብ አፍሪካ ላይ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ከአዲስ አበባ እየተለቀቀ፣ ደብረ ማርቆስም ጅግጅጋም እኩል ይደርስ ጀመር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ የሠለጠነ መምህር ባነሰበት አገር የገጠሩ ልጅ የከተማው ልጅ የሚያየውን ይይ ነው የተባለው። ይህን የሚጠላ ማን አለ?

አሁን ወደ ክፍሉ ልውሰዳችሁ። ልጁ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ከሮብ ገበያ መጥቶ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመላለሰ፣ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው እንበል። እስከ 8ኛ ክፍል የተማረው በአማርኛ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ሂሳቡም ሳይንሱም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ሆነበት። ያ ሳይበቃ የሚያስተምረው ሰው መስታወት ውስጥ ነው፤ አነጋገሩ ለጆሮው ባዕድ፣ ፍጥነቱ የማይያዝ። «በደብተራችሁ ሥሩት» ይላል፤ ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ፕላዝማው ሰዓቱን ጠብቆ ከመናኸሪያ እንደሚነሳ አውቶቡስ ነበር፤ የዘገየውን አይጠብቅም፣ ለቀረውም አይመለስለትም።

መምህሩስ? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መግቢያው ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ የእሱ ነበር፤ መካከሉ፣ 30 ደቂቃ ያህሉ፣ የፕላዝማው። በዲግሪ የተመረቀ የፊዚክስ መምህር ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ልጆቹ ዞር ብለው ፊቱን ያያሉ። «ቲቸር፣ ምን አለ?» ይሉታል በሹክሹክታ። ሊመልስላቸው ቢጀምር የሚቀጥለው ያመልጣቸዋል፤ ዝም ቢል ያለፈው እንዳመለጣቸው ይቀራል። ቢያጠፋው ደግሞ መርሐ ግብሩ አይጠብቀውም፤ የዛሬው ትምህርት ዛሬ አለፈ ማለት ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣ አገር ለመምህሩ አንዲት «ቆይ» የሚልባት ቁልፍ አልሰጠውም።

መብራቱም አለ። ደመናው ከጮቄ ወርዶ ነጎድጓዱ ሲጀምር መብራት ይሄዳል። መብራት ሄደ ማለት የዕለቱ የፕላዝማ ትምህርት ሄደ ማለት ነበር። ያን ጊዜ መምህሩ ጠመኔውን ያነሣል፤ እንግሊዝኛውን ከአማርኛ እያዋዛ የሁለት ቀን ውዝፍ ያስረዳል። ክፍሉ ያኔ ነፍስ ይዘራል፤ ጥያቄ ይጎርፋል።

ነገሩን የባሰ የሚያስቆጨው የተደረገበት አገር ነው። ጎጃም ማስተማርን ከሰው አልተዋሰም። የቤተ ክህነት ትምህርት ጉባኤ የነበረባቸውን ዲማ ጊዮርጊስን፣ ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅን አስቡ። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ኋላ የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት፣ ያደጉት በእነዚህ ጉባኤዎች ነው። ቅኔ ቤት የገባ ጀማሪ ከአጭሯ ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ቆጥሮ፣ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ «ሂድና መልሰህ ቁጠር» ይሉታል። ጉባኤ ቃናው ሳይቃናለት ወደ ቀጣዩ ቅኔ፣ ወደ ዘአምላኪየ የሚገፋው የለም። አንዱ በሳምንት ያልፋታል፣ አንዱ ወር ይቆይባታል፤ ሁለቱም አንድ ጉባኤ ውስጥ ናቸው። ደግሞ የኔታ ብቻቸውን አይዘልቁትም፤ ቀደም ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል። ሲያስቀጽልም እሱ ራሱ መምህርነትን ይለምዳል፤ ሲሳሳት የሚያርሙት የኔታ እዚያው ናቸው።

አሁን ወደ ዘመኑ መምህር ሥልጠና ልመለስ። «ሲፒዲ» ይሉታል፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ። መመሪያው መምህሩ በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለዚህ እንዲያውል ይጠይቃል፤ አዲስ ተቀጣሪውም ሁለት ዓመት በነባር መምህር እየተደገፈ እንዲሠራ ያዛል። ይህ ከቅኔ ቤቱ ሥርዓት ጋር ዝምድና አለው። ምን ያደርጋል፣ ብዙ ቦታ ፋይል መሙላት ዋጠው። ፖርትፎሊዮው ይወፍራል፣ ፊርማው ይሟላል፤ አንዱ መምህር የሌላው ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየቱ ግን ይቀራል። ሥልጠናው ያለው እዚያ ወንበር ላይ ነበር!

ከፕላዝማው በኋላ ደግሞ ስልኩ መጣ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታወጅ ትምህርቱ ወደ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቴሌግራም ዞረ። ቀጥሎ የባሰው መጣ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። የልጆች ዓመታት እንዲያው በከንቱ ሄዱ፤ ይህን የሚተካ መሣሪያ አልተሠራም፣ አይሠራምም። መጽሐፍና ቪዲዮ ያለው ሰው ግን ዝም አላለም፤ በፍላሽ፣ በሚሞሪ፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ በሼርኢት ይቀባበላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተለውጧል፤ ልብ አድርጉልኝ። ስልኩ ላይ ያለችው አጭር ቪዲዮ ትቆማለች። የሕዋስ ክፍፍልን የምታሳየው ባዮሎጂ መምህርት በአውራ ጣቷ ያዝ አድርጋ «እዚህ ጋ ምን አያችሁ?» ማለት ትችላለች። ትመልሳታለች፣ ድምፁን አጥፍታ በራሷ አፍ ታስረዳለች። በ1997 ዓ.ም. የጎደለችው ቁልፍ አሁን በእጇ ናት። መቼ እንደምታቆም፣ ካቆመች በኋላ ምን ብላ እንደምትጠይቅ ግን ስልኩ አይነግራትም። ያን የሚያውቀው ከእሷ በፊት ያንኑ ምዕራፍ ያስተማረ ባልደረባዋ ነው።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ሥልጠና ሲያዘጋጁ አዳራሹን ትተው ወደ የጁቤና ሉማሜ ትምህርት ቤቶች ይውረዱ እላለሁ። ሁለት መምህራን፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ክፍል ይበቃል። አንዱ ያስተምር፣ ሌላው ኋላ ይቀመጥ፤ ደወሉ ሲደወል የት ቦታ ማቆም እንደነበረበት ይነጋገሩ፤ በማግስቱ ይቀያየሩ። ታብሌት ሊገዛ ያሰበ መሥሪያ ቤትም ጨረታውን ከማውጣቱ በፊት ሰው ልኮ 9ኛ ክፍል አንድ ሳምንት ያስቀምጥ። መብራት የሚሄድበትንም ቀን ይጨምር።